ለዶልፖ የታሸገው ቦርሳ

ጁኑ ልትታጠብ ወደ ቧንቧው ስትወርድ እናቷ ፉልማያ የታሸገውን ቦርሳ ፈታች።

ጁኑ የቱሪስቶች መንገድ መሪ ናት። ሦስት ዓመት የሠራችው እዚሁ ከመንደራቸው በላይ፣ ዝናብና አልቅት በማይለየው የማካሉ ተራራ መንገድ ነበር። ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ዶልፖ ወደሚባለው ሩቅ ደጋ ልትሄድ ነው፤ የሃያ አራት ቀን ጉዞ። ጎረቤታቸው ጋሼ ቢርካ የራሱን የዳክዬ ላባ የመኝታ ከረጢት አውሷታል።

ፉልማያ ላባ አታምንም። ባሏ የላባ ካፖርቱ ዝናብ ጠጥቶ ገላው ላይ እንደተጣበቀ፣ እየሳለ ነው ቤት የገባው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ስለዚህ የጋሼ ቢርካን ከረጢት አወጣችና ቢርስም የሚያሞቀውን አሮጌውን የጁኑን ወፍራም የመኝታ ከረጢት ከተተች። ጃንጥላም ጨመረች። ለአልቅቱ ደግሞ ጨው በጨርቅ ቋጥራ የቦርሳው ጎን ላይ ሸጎጠች።

የአውቶቡሱ ጡሩምባ ሲሰማ ጁኑ ቦርሳውን ብድግ አደረገች። «እማ፣ ድንጋይ ነው እንዴ የከተትሽብኝ?»

«እናት ያላት ልጅ ቦርሳዋ አይቀልም። ሂጂ ይልቅ።»

ጁኑ እየሳቀች ወረደች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጋሼ ቢርካ ብቅ ሲል ከረጢቱን ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ አየው። «ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዝናብ እንዳያበላሽብህ ብዬ ነው።»

«የምን ዝናብ? ዶልፖ ከተራራው ጀርባ ነው። ደመናው እኛ ላይ አራግፎ ነው የሚጨርሰው። እዚያ በብርዱ ውሃው ኮዳ ውስጥ ድንጋይ ሆኖ ያድራል፤ በዚያ በአሮጌው የተኛ ሰው ላይነሳም ይችላል።»

ፉልማያ የፈራችው ሁሉ ከውጭ ይመጣል ብላ ነበር እንጂ፣ በገዛ እጇ ይመጣል ብላ አንድ ቀን አስባ አታውቅም። ከረጢቱን በሁለት ላስቲክ ጠቀለለችና አዝላ በአቋራጩ ቁልቁል ሮጠች። አውቶቡሱን እንደማትደርስበት እያወቀች ነው የሮጠችው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ናዳ መንገዱን ዘግቶታል። አውቶቡሱ ቆሟል፤ ጁኑም ከተሳፋሪዎቹ ጋር ጭቃ ትዝቃለች።

«እማ? ማን ሞተ?»

«ማንም። ተመስገን፣ ማንም።»

ፉልማያ ያዘለችውን ስታወርድ ጁኑ ቦርሳዋን ፈትታ አሮጌውን ከረጢት አወጣች። «ሌባ ሰርቆ ሲቀንስ ነው የማውቀው። የኔ እናት ሰርቃ ትጨምራለች።»

ከረጢቱን ቀየረች፤ ጃንጥላውንም መለሰችላት። ጨውን ግን ቦታው ላይ ተወችው።

«ዝናብ ከሌለ አልቅትም የለም እኮ» አለች ፉልማያ አንገቷን ደፍታ።

«እዚያ ሻይ በጨው ነው የሚጠጣው። ባንቺ ጨው እጠጣለሁ።»

መንገዱ እስኪከፈት ፉልማያም አብራ ዛቀች። አውቶቡሱ ሲሄድ አሮጌውን ከረጢት አዝላ ዳገቱን ተያያዘችው። ዕድሜ ልኳን ስትረግመው የኖረችው ጭቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይውጣት ነበር፤ ያን ቀን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ደጃፏም ስትደርስ ከጫማዋ ሳታራግፈው ገባች።