መዝገቡ አሁን ቆሟል

«እንግዲህ መሪጌታ፣ ለእኛ መቆምዎን እንዳይተዉብን» አለው የአባቱ ጎረቤት ፈንታሁን፣ የንፍሮውን ሰሃን ወደሚቀጥለው ሰው እያሳለፈ። «ባዩስ ዐረፈ፤ እኛ ግን ገና አለን።»

መሪጌታ መዝገቡ ነገሩ አልገባውም። አባቱ ባዩ ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከጉና ሥር ባለችው የትውልድ ቀዬው፣ በአባቱ ግቢ በተተከለው ድንኳን ተቀምጦ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ሲሉት አንገቱን ደፍቶ «አሜን» ሲል ነው የዋለው። ደብረ ታቦር ላይ ደቀ መዛሙርት ያስተምራል፤ በማኅሌት ድምፁን ሲያወጣ ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። የሚቆምበትስ መቼ አጣ?

«የቱን ነው የሚሉኝ አያ ፈንታሁን?»

«የስድስት ሰዓቱን ጸሎት ነዋ! አባትዎ ከተወ ወዲህ ሁላችንም በእርስዎ ላይ ጥለነዋል። እርሻ ላይ ሆነን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ስትደርስ 'መዝገቡ አሁን ቆሟል' ይለናል ባዩ። እኛም 'ይቁምልን' ብለን በሬያችንን መንዳት ነው።»

ያኔ ነገሩ ለመዝገቡ ትዝ አለው።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ኅዳር ላይ ነው። የአባቱ ገብስ ደርሶ ደቦ ተጠርቷል። መዝገቡም ሁለት የደብሩን ካህናት አገሬን ላሳያችሁ ብሎ ይዟቸው መጥቶ ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ባዩ ማጭዱን አስቀመጠ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጮክ ብሎ ይጸልይ ጀመር። ዜማ የለው፣ ግዕዝ የለው! አንገቱ ስለቆሰለው በሬ ለእግዜር ነገረው፤ በድንበር ስለተኳረፉት ሁለት ወንድማማቾች ነገረው፤ የፈንታሁንን ሚስት ስለያዛት ሳል ሳይቀር ነገረው። አጫጆቹ ወገባቸውን አቅንተው «አሜን» ይላሉ። ከካህናቱ አንዱ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ሳቀ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። መዝገቡ አፈረ። ሰው በወለደው አባት ማፈር ከጀመረ ከአንደበቱ የሚወጣውን አያውቅም።

«አባዬ፣ ጸሎትኮ ሥርዓት አለው» አለ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። «አንቱ ማጭድዎን ይያዙ። እኔ ደብሩ ላይ ቆሜ ለሁላችሁም እጸልያለሁ። ለዚህ አይደል ያስተማሩኝ?»

ባዩ አልተቆጣም። «እሺ የኔ ልጅ፤ የተማረ ያውቃል» አለና ባርኔጣውን ደፋ። ካህኑ ሳቁን አቆመ፤ ማጭዱ ሁሉ እንደገና ገብሱ ውስጥ ገባ። መዝገቡም ያን ቀን ደስ ብሎት ወደ ከተማው ተመለሰ።

ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ጋብ ሲል እናቱን ወይዘሮ እመቤቴን ከቤቱ ግድግዳ ሥር ፀሐይ ላይ አገኛትና አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ አባዬ ከዚያ ደቦ ወዲህ በእርሻ ላይ አይጸልዩም ነበር?»

«አንተ ከከለከልኸው ወዲህ? ኧረ ምን ብሎ!» አለች። «አልጋ ላይ ከዋለ በኋላ እንኳ ፀሐይዋ መቃኑን ስትነካ 'ዝም በሉ፣ መዝገቡ አሁን ቆሟል' እያለ ወሬያችንን ያስጥለን ነበር። በሞተበትም ዕለት ጠየቀኝ። 'ቆሟል አይደል?' አለኝ። 'ቆሟል' አልሁት። ደስ አለው። ብዙም አልቆየ።»

መዝገቡ ያን ዕለት በዚያ ሰዓት የት እንደነበረ ለማስታወስ አልተቸገረም። ተማሪዎቹን አሰናብቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ጋደም ብሎ ነበር። ከእንቅልፉ የቀሰቀሰው የመርዶው ስልክ ነው። ያን ዕለት ብቻ ቢሆን እንኳ ባልከፋ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልቆመም። ቃል መግባቱንም እዚያው ገብሱ ማሳ ላይ ረስቶት ሄዷል። ተራው ሲደርስ ያገለግላል፤ ተራው ሲያልቅ ካባውን ይሰቅላል፣ ጸሎቱንም ከካባው ጋር ይሰቅለዋል። አንድ ቀዬ ሰው ግን በእሱ ተማምኖ የራሱን ጸሎት ትቷል።

ወደ ድንኳኑ ተመልሶ ምርር ብሎ አለቀሰ። «አይ አባቱን መውደዱ!» አሉ ሴቶቹ፣ ከንፈራቸውን እየመጠጡ። ያን ሲሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ሠልስቱ በወጣ ማግስት ጎረቤት የሐዘንተኛውን መሬት ያርስለታል፤ የቀዬው ወግ ነው። የግንቦት መጨረሻ ስለሆነ የባዩ ማሳ ለገብስ መድረስ ነበረበት። መዝገቡ ለቀስተኛ ሲቀበል አርፍዶ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ከድንኳኑ ተነሥቶ ወደ ማሳው ወረደ። ፈንታሁን እርፉን ጨብጦ ያርሳል። ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ እሱ ግን አላቆመም። ለምን ብሎ ያቁም?

«አያ ፈንታሁን፣ በሬዎቹን ያቁሟቸው።»

ፈንታሁን አቆማቸው። «ምነው መሪጌታ፣ ምን መጣ?»

«አልቆምሁም።»

«የት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። አንድም ቀን አልቆምሁላችሁም። አባዬ ሲሞቱም ተኝቼ ነበር።»

ፈንታሁን ጅራፉን ትከሻው ላይ አደረገ። በሬዎቹ ጅራታቸውን እያወዛወዙ ዝንብ ያባርራሉ።

«ታዲያ ባዩ ማንን ተማምኖ ሞተ?» አለ።

«እኔን።»

ፈንታሁን እርፉን ለቀቀ።

«አባዬ ሲጀምሩ ምን ይሉ ነበር?» አለ መዝገቡ። «ያን ቀን እንግዶቼን እንጂ እሳቸውን አልሰማኋቸውም።»

ፈንታሁን ቀና ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ አንቱ አላለውም።

«ና፣ ወዲህ ቁም» አለ፤ ባርኔጣውን አውልቆ ከበሬዎቹ ፊት ወደ ምሥራቅ ዞረ። መሪጌታ መዝገቡ ጫማውን አውልቆ ትልሙ ውስጥ ገባና፣ ፊደል የሚቆጥር ተማሪ በየኔታ ፊት እንደሚሆነው፣ ከገበሬው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ።

«ጌታዬ፣ አንተ በዚህ ሰዓት ለእኔ ብለህ መስቀል ላይ ውለሃል፤ እኔም በሬ እየነዳሁ አላልፍህም» አለ ፈንታሁን።

መዝገቡ ቃል በቃል ተከተለው። በሬዎቹን አነሡ፤ ዝናቡን አነሡ፤ የታመመውንም የተጣላውንም በየስሙ ጠሩ።

«ደግሞ የልጄን የመዝገቡን ነገር አደራ» አለ ፈንታሁን፣ የባዩን ቃል ሳይለውጥ። «ሰው ሲያከብረው አንተን እንዳይረሳህ።»

የመዝገቡ ከንፈር ተከፈተ፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ፈንታሁን ወደ ኋላው አልዞረም። ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ መዝገቡ ቃሉን እስኪለው ድረስ ጠበቀው።