የማይታየው ጨረር

ተመራማሪዋ ያን ቀን ጠዋት ከወንበሯ ዘላ ተነሣች። ስምንት ወር ሙሉ ስትለማመጠው የኖረችው መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ለሁለት ተሰንጥቋል።

ሥራዋ እንዲህ ነው። ኳንተም ነጥብ የምትባል፣ ከፀጉር በሺህ እጥፍ የምትቀጥን ቅንጣት፣ በሁለት ጥቃቅን መስታወቶች መካከል ተቀምጣለች። እዚያ የገባ ብርሃን ቶሎ መውጫ አያገኝም፤ ከመስታወት መስታወት ሲላጋ ነጥቧ ትውጠዋለች፣ ትተፋዋለች፣ መልሳ ትውጠዋለች። የብርሃኑና የነጥቧ ነገር ከሰመረ፣ ብርሃኑን ኮምፒውተሩ ላይ የሚያሳየው አንድ መስመር ሁለት ይሆናል። ነጥቧን የሚቀሰቅሰው ሌዘር ግን ለዓይን አይታይም። ባይታይም ያቃጥላል።

"ጋሼ! ይምጡ፣ ይዩልኝ!"

የጠራቻቸው የቤተ ሙከራውን ቴክኒሻን ነው። መስታወት ሲያጸዱ ትንፋሻቸውን ስለሚይዙ ሁሉም "ጋሽ መስታወት" ይሏቸዋል።

"ምን ተገኘ? ነጥቢቱ ወለደች እንዴ?" እያሉ ገቡ። መከላከያ መነጽር አላጠለቁም። ሌዘሩ እንደበራ የሚናገረው የበሩ ቀይ አምፖል ከተቃጠለ ሦስት ቀኑ ነው፤ "ነገ እቀይረዋለሁ" እያለች የከረመችው እሷ ናት። ጨረሩን የሚከልለውን መጋረጃም ራሷ አንሥታዋለች።

እሷ መስመሩ ላይ እንዳፈጠጠች፣ "ይቺ ብሎን ላልታለች" ሲሉ ሰማች። ዞር ብትል ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰዋል። ፊታቸው ጨረሩ በሚያልፍበት ከፍታ ላይ ነው።

"ዓይንዎን ይጨፍኑ! እንዳይነቃነቁ!"

"ምነው፣ እባብ አየሽ?"

"ይጨፍኑ አልኩዎት!"

ጨፈኑ። ጨረሩ የሚያርፍበትን የሚያሳየውን ካርድ አንሥታ ወደ ፊታቸው አስጠጋችው። ከግራ ቅንድባቸው በታች ካርዱ አረንጓዴ ፈካ። ካርዱን እዚያው ይዛ፣ "ቀስ ብለው ወደ ኋላ፣ ጋሼ" አለች፤ እሳቸው ሲርቁ ሮጣ ሌዘሩን አጠፋችው።

"አሁን ይግለጡ።"

አንዱን ዓይን ሸፈኑ፣ ከዚያ ሌላውን። ግድግዳውን አዩ።

"ልጄ፣ ግድግዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ?"

"የለም፣ ጋሼ።"

"እንግዲያው ግራ ዓይኔ ውስጥ ነው።"

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ ሆነ። ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ስትጠብቅ ሚስታቸው ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ እየተጣደፉ መጡ። ተነሥታ ከፊታቸው ቆመች።

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ እትዬ። መጋረጃውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።"

"ይድናል በይኝ እንጂ፣ ጥፋትሽን ምን ላድርገው!"

ሐኪሙ ወጥቶ ቃጠሎው ትንሽ እንደሆነ፣ እንደማይሰፋ፣ እንደማይጠፋም ተናገረ። ያን ጊዜ ሚስትየው አጠገቧ ተቀመጡ፤ አልሰደቧትም፣ አላጽናኗትምም።

ቤተ ሙከራው ሁለት ወር ተዘጋ። ሲከፈት ሙከራው ተደገመ፤ መስመሩ በእርግጥ ለሁለት ይሰነጠቃል። ባልደረቦቿ እንኳን ደስ ያለሽ ሲሏት እጃቸውን ጨብጣ ቶሎ ትለቃለች። ጋሽ መስታወትም ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ መስታወቱን አሁን በቀኝ ዓይናቸው በኩል ዘንበል ብለው ያዩታል።

ሌዘሩን ልታበራ ስትል፣ "ማን አለ?" ትላለች።

"ከኔ በቀር ማንም የለም፣ መነጽሬንም አድርጌያለሁ። አብሪው፣ ልጄ።"

ታምናቸዋለች። ቢሆንም ተነሥታ ጠረጴዛውን ዙሪያውን ትዞራለች፣ ፊታቸውን ታያለች፣ እንደገና ትዞራለች።