ሰባት ሚሊ ሜትር

ፀጉር ሠሪዋ ክኒኖቹን የደበቀችው ሹራቦቿ መሃል ነበር። አማቷ የታጠበ ልብስ ሊያስቀምጡ ቁም ሣጥኑን ሲከፍቱ አገኟቸው። ከሥራ ስትመለስ እሽጉን ጭናቸው ላይ አድርገው ሳሎን ጠበቋት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ማንበብ እችላለሁ። የሴት ሆርሞን ይላል። ሰባት ዓመት ሙሉ የልጅ ልጅ አሳየኝ እያልኩ ፈጣሪን ስለምን፣ ለካ አንቺ መከላከያ ትውጫለሽ!»

ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

«እማማ፣ መከላከያ አይደለም። ለማርገዝ ነው የምውጠው።»

ከዚያ ሁሉንም ነገረቻቸው። ከእሷ እንቁላል፣ ከባሏ ዘር ተወስዶ በላቦራቶሪ ሦስት ፅንስ ተገኝቶ ነበር። ሁለቱ ማህፀኗ ውስጥ ቢገቡም አልያዙም። የመጨረሻው በቅዝቃዜ ተቀምጦ ይጠብቃል። ክኒኑ የማህፀኗን ውስጠኛ ሽፋን ለማወፈር ነው፤ ሽፋኑ ከሳሳ ፅንሱ ሊጣበቅ ይቸገራል።

አማቷ እሽጉን መለሱላት።

«አፈር ልብላልሽ» አሉ። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሲቀር ሁለታችን ብቻ ብናለቅስ ይሻላል ብለን ነው።»

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ያን ሳምንት መንገድ ላይ ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ለአልትራሳውንድ አማቷ አብረዋት ሄዱ። ሐኪሟ ስክሪኑን ትኩር ብላ እያየች የሽፋኑን ውፍረት ለካች።

«ስድስት ነጥብ አንድ። ቢያንስ ሰባት ሚሊ ሜትር ፈልጌ ነበር።»

«እንዲሁ ብናስገባውስ?» አለቻት።

«ይቻላል፤ በዚህም የያዘላቸው አሉ። ዕድሉ ግን ያንሳል። ካልሆነ የዚህን ወር እንተወውና መድኃኒቱን ቀይረን እንሞክር። ፅንሱ ቢቆይም ምንም አይሆንም።»

ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አንድ ወር ዓመት መሰላት። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ባሏ ጋ ደወለች። «አንቺ ያልሽው ይሁን» አላት። ፍቅር መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ሸክሙን ብቻዋን የተወላት ስለመሰላት ተናደደችና ስልኩን ዘጋች።

«እርስዎ ምን ይላሉ?» አለች ወደ አማቷ ዞራ።

«ቸኩለሽ ከምታለቅሺ ቆይተሽ አልቅሺ ልልሽ ነበር። ይሄም ምክር ሆኖ!»

ሁለቱም ሳቁ። ተመልሳ ገባችና፣ «እንጠብቅ» አለች።

በሚቀጥለው ወር ክኒኑ ላይ ሆድ ላይ የሚለጠፍ መድኃኒት ተጨመረላት። ጡቷ አበጠ፣ ራሷን አመማት፣ ሆደ ባሻ ሆነች። አንዲት ደንበኛ፣ «አንቺስ መቼ ነው የምትወልጂው?» ስትላት ማድረቂያውን አጥፍታ ጓሮ ወጣች። ፊቷን ታጥባ ተመልሳ ሥራዋን ጨረሰች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሽፋኑ ሰባት ነጥብ ስምንት ሆነ። ሐኪሟ ማህፀኗን ፅንስ ለመቀበል የሚያዘጋጀውን ሆርሞን፣ ፕሮጄስትሮንን፣ አስጀመረቻት፤ ከዚያ በስድስተኛው ቀን ፅንሱ ከቅዝቃዜ ወጥቶ ገባላት። ጉዳዩ ሁሉ ከአሥር ደቂቃ አላለፈም። የደም ምርመራው እስኪደርስ ያሉት ቀናት ግን አልገፋ አሏት።

ውጤቱን ስልክ ደውለው ነገሯት፤ ይዟል። ወዲያው ባሏ ጋ ደወለች። መኪናውን ዳር አስያዘ። በአጠገቡ የሚያልፉት መኪኖች ይሰሟት ነበር።

በሰባተኛው ሳምንት ባልና ሚስቱ ስክሪኑ ላይ ትር ትር የሚል ነገር አዩ። አማቷ፣ «እናንተ ግቡ» ብለው ኮሪደር ቀርተዋል። ባሏ ብድግ ብሎ በሩን ከፈተና፣ «እማዬ፣ ልቡ እየመታ ነው!» ብሎ ተጣራ።