ሁለት መጨረሻ ያላት ልጅ

«የመምህር ሁንዴ ጀግና ገና ሲወለድ የተመረጠ ነው!» አለች ፀሐይቱ ማይኩን ጨብጣ። «ነፋስ እየቀጠቀጠ የሚሠራው አንጥረኝነቱ በደሙ ስላለ ነው። የእኔዋ ግን ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ጉድጓድ የገባች ልጅ ናት። ማንም አልመረጣት። ከእናንተ መካከል ሲወለድ የተመረጠ አለ?»

«የለም!» አለ ግቢው በአንድ ድምፅ።

ፀሐይቱ ቃሊቲ፣ ከባድ መኪና በማይጠፋበት መንገድ ዳር ባለ ትምህርት ቤት አማርኛ ታስተምራለች። የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ በዚህ ሴሚስተር በየእረፍቱ አንድ ልቦለድ በተከታታይ ሊያነብ ነው፤ የትኛውን እንደሆነ ተማሪው ከሰዓት በኋላ እጅ አውጥቶ ይወስናል። እሷ «ከጉድጓዱ በታች»ን ይዛለች፤ የእንግሊዝኛ አስተማሪው ሁንዴ «የነፋሱ አንጥረኛ»ን። ሁለቱም ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ፣ ስንቱን ልጅ ያሳደጉ የቆዩ መጻሕፍት ናቸው። ለፀሐይቱ ግን ነገሩ ከውድድርም በላይ ነው። አስተማሪ ያደረጋት ያ የጉድጓድ መጽሐፍ ነው፤ ሲነበብ ሳትሰማ ብትቀር ቅስሟ ይሰበራል።

ሁንዴ ማይኩን ተቀበለ። «መምህርት አንድ ነገር ዘለሉ። የእኔ ጀግና አንድ ነፋስ በሠራ ቁጥር አንድ ዓመት ያረጃል። ይከፍልበታል። የእሳቸዋ ደግሞ ከጉድጓዱ በታች ስማቸውን የረሱ ሰዎች አግኝታ ታስታውሳቸዋለች። ጥሩ። ግን ምን ከፈለች?»

«መክፈል ግዴታ ነው እንዴ?» ፀሐይቱ ሳቀች። «እስቲ መጨረሻውን ልንገራችሁ። እናቷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ በስሟ ትጠራታለች። ልጅቷ ገመዱን ይዛ፣ ጭቃ በጭቃ ሆና ትወጣለች። እናቷ አቅፋት፣ አልቅሳ ስታበቃ ምን አለቻት መሰላችሁ? ‹ውሃውስ?›»

ግቢው በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ፀሐይቱ ውድድሩ እዚያው እንዳለቀ አወቀች፤ ደስታዋንም አልደበቀችም።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የፀሐይቱ እውነት ግን ማደሩን እንኳ አልጠበቃትም። መምህራን ማረፊያ ስትገባ ሁንዴ የራሱን ቅጂ ከቦርሳው አውጥቶ የመጨረሻውን ገጽ ገልጦ ሰጣት።

«እዚህ ላይ ‹ውሃውስ› የምትል እናት የለችም» አላት ቀስ ብሎ።

አነበበች። በመጽሐፉ ማንም ከጉድጓዱ የሚወጣው ሌላ ሰው በስሙ ሲጠራው ብቻ ነው። ልጅቷ አንድ በአንድ እየጠራች ሁሉንም አወጣቻቸው። የእሷን ስም የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ የሚጠራት አጥታ እዚያው ቀረች። ፀሐይቱ ደጋግማ አነበበችው።

«ምን ከፈለች ያልኩት እኮ ይሄን ትመልሺልኛለሽ ብዬ ነው» አለ ሁንዴ። «ያንን ከየት አመጣሽው?»

«ልጅ ሳለሁ የተከራየሁት ቅጂ መጨረሻው የተቀደደ ነበር። የነገሩኝ አከራዩ ጋሼ ሀይረዲን ናቸው።»

«እኔ ለማንም አልናገርም። ብታሸንፊኝ ግን በመጽሐፉ ብታሸንፊኝ ደስ ይለኛል።»

ምሳዋን ትታ ወደ ጋሼ ሀይረዲን ሱቅ ገሰገሰች። ድሮ አንድ ፋብሪካ በር ላይ ሸራ አንጥፈው መጽሐፍ ያከራዩ ነበር፤ ዛሬ ደብተርና የሞባይል ካርድ ይሸጣሉ።

«ጋሼ፣ የጉድጓዷ ልጅ አልወጣችም እኮ!»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና ሳቃቸው መጣ። «አንቺ ልጅ፣ እስከ ዛሬ ይዘሽው ነው? አንዱ ተከራይ ገጾቹን ቀዶ መለሰልኝ። አንቺ ደግሞ መጨረሻው የታለ ብለሽ እያለቀስሽ ከፊቴ ቆምሽ። መጨረሻ የሌለው መጽሐፍ ማከራየት ነውር አይደል? ፈጠርኩልሽ።»

«ለምን አወጧት ታዲያ?»

የካርዱን ሳጥን ወዲያ ወዲህ አደረጉት። «እኔ ከስልጤ ስመጣ ልክ እንደሷ ልጅ ነበርኩ። እመለሳለሁ እያልኩ እናቴ ሞተች። እሷ ከሄደች ወዲህ በልጅነት ስሜ የሚጠራኝ የለም። እና ያቺን ልጅ እዚያ ልተዋት ኖሯል?»

ፀሐይቱ እጃቸውን ይዛ ሳመችው።

ስትመለስ ግቢው ውስጥ ልጆቹ እየተሯሯጡ «ውሃውስ?» ይባባላሉ። ድሉ እጇ ላይ ነበር፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃታል። የሁንዴን ቅጂ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ወደ ማይኩ ወጣች።

«ተማሪዎች፣ ጠዋት የነገርኳችሁ መጨረሻ የመጽሐፉ አይደለም» አለች። «እኔ እንዳላለቅስ አንድ ደግ ሰው የፈጠሩልኝ ነው። እስከ ዛሬም የመጽሐፉ ይመስለኝ ነበር። መምህር ሁንዴ ጀግናዎ ምን ከፈለች ብለው ጠይቀውኛል፤ መልሱ እዚህ አለ። መጀመሪያ ስሙት፣ ከዚያ እጃችሁን ታወጣላችሁ።»

ማንበብ ጀመረች። ስሞቹ በድምፅ ማጉያው አንድ በአንድ ተጠሩ፤ ሰዎቹም አንድ በአንድ ወጡ። ልጆቹ መሯሯጣቸውን ተዉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እናትየዋን እየጠበቀች ቀና ብላ አየቻት።

ፀሐይቱ አፏ ላይ የመጣውን «ውሃውስ?» ዋጠችና መጽሐፉን ዘጋች።