ቦጋለ ሳይቆርብ ለምን ሞተ

ባሌ ቦጋለ ቀናተኛ ነበር። ይህን የምለው ሙት ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ከእሱ የባስኩ ቀናተኛ ስለሆንኩ በሽታውን አሳምሬ አውቀዋለሁ። እሱ በጎረቤታችን በጦና ይቀና ነበር። እኔ ደግሞ በጦና ሚስት በፀዳለ።

ጦና የአገሩ ተወላጅ የሆነ አናጢ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ እወደው ነበር፤ አባቴ ግን "ለአገሬው ሰው አልሰጥም" ብሎ እንደራሱ ከሰሜን ለመጣ ወታደር ልጅ፣ ለቦጋለ ዳረኝ። ጦናም ሳይውል ሳያድር ፀዳለን አገባ። ትንሽ እንኳ አላዘነልኝም! ስድስት ዓመት ሶዶ ላይ አጥር ለአጥር ስንኖር እጄን ይዞ አያውቅም። አማርኛው ወንድና ሴት ስለማይለይ ከአጥሩ ማዶ "ብርቄ፣ እንዴት አደርክ?" ይለኛል፤ ይቺን ሰምቼ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ይውላል። ቦጋለም ደስታዬን ከፊቴ ያነባል።

በ1926 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ቦጋለ ከተበላ ገበያ ሲመለስ ዳገቱ ላይ በጩቤ ጀርባውን ወጉት፤ በቅሎውንም ወሰዱበት። ከኋላ ይመጣ የነበረው ጦና መንገድ ላይ ወድቆ አገኘውና አዝሎ አመጣው። "ብርቄ፣ በሩን ክፈት! ቶሎ በል!" ሲል ሮጬ ወጣሁ። የጦና ሸማ በደም ተነክሯል። ደሙ የራሱ መሰለኝ። ቦጋለን መደቡ ላይ እንዳስተኛው፣ ወደ ባሌ ሳልዞር ነጠላዬን ከትከሻዬ ስቤ የጦናን አንገት እጠርግ ጀመር። "የት ላይ ነው የወጉህ? የት ላይ ነው?" እላለሁ። ዞር ስል ቦጋለ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

ጦና ከሄደ በኋላ "ማን ነው?" አልኩት።

"ከኋላዬ ነው። ፊቱን አላየሁም" አለኝ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረ።

በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ የንስሐ አባታችን አባ ወልደመስቀል ከቅዳሴ በኋላ ቁርባን ይዘውለት ሊመጡ ነበር። ቦጋለ ጾም የማይገድፍ ሰው ነው፤ ከዋዜማው ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሰም። ረፋዱ ላይ ግን በድንገት "አጥሚት አምጪ" አለኝ።

"ቁርባኑስ?"

"አምጪ አልኩሽ!"

በዚያ ቁስል ላይ ሆኖ ዋንጫውን ግጥም አድርጎ ጠጣ። ብዙም ሳይቆይ አባ፣ ሽማግሌዎቹና ወንድሙ ደገፉ ገቡ። ቦጋለ በሁሉም ፊት "የወጋኝ ጦና ነው" ብሎ ተናዘዘ፤ በዚያው ቀን አረፈ።

ሊሞት የደረሰ ሰው ይዋሻል ብሎ የሚጠረጥር በሶዶ አልነበረም። ጦና በሰንሰለት ታሰረ። ፀዳለ በየቀኑ ስንቁን ይዛ በደጄ ታልፋለች፤ እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አያታለሁ። ዝም ካልኩ ይሰቀላል። ከተናገርኩ ደግሞ ስሜ ይጠፋል፣ ከቤቴ እባረራለሁ፣ እሷ ባሏን ይዛ ቤቷ ትገባለች። እሷ ከምትይዘው ይሙት ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። አልደብቅም፣ ብያለሁ።

በፍርዱ ቀን ጦናን ከነሰንሰለቱ ሲያመጡት በአጠገቤ አለፈ። የባሌ ዘመዶች ዙሪያዬን ቆመው ሳለ ቆም ብሎ "ብርቄ፣ እንዴት አደርክ?" አለኝ። አላስቻለኝም።

"ጌታዬ፣ ባሌ የወጋውን አላየም። በቅናት ነው የጦናን ስም የጠራው" አልኩ ዳኛው ፊት ቀርቤ።

ደገፉ ዘሎ ተነሣ። "ሰማችሁ? ውሽማው ናት! ወንድሜን የገደለበት ምክንያት ከገዛ አፏ ወጣ!"

ሰዉ አጉረመረመ፤ ዳኛውም ራሳቸውን ነቀነቁ። ላድነው ብዬ ይበልጥ አስያዝኩት። ያኔ የአጥሚቱን ነገር ተናገርኩ። "ሰውን ለመዋሸት ቆርጦ ነበር፤ በሥጋ ወደሙ ላይ ለመዋሸት ግን ፈራ። ስለዚህ ጾሙን ሆን ብሎ ሻረ" አልኩ።

ዳኛው ወደ አባ ዞሩ። "የንስሐውን ነገር አልጠይቅዎትም፣ አባ። ቆርቧል ወይስ አልቆረበም?"

አባ ወልደመስቀል መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። "አልቆረበም። እህል ቀምሻለሁ አለኝ። ለሚሞት ሰው ይፈቀዳል ብዬ ሦስት ጊዜ ለመንኩት። 'አልችልም፣ አባ' ብሎ አለቀሰ።"

ዳኛውም "በዚህ ኑዛዜ ሰው አልሰቅልም" ብለው ሰንሰለቱን አስፈቱ።

በማግስቱ ደገፉ ከቤት አስወጣኝ። ጓዜን ጠቅልዬ ገሱባ ወዳሉት የእናቴ ዘመዶች ልሄድ ስል ፀዳለ መጣች። እግሬ ላይ ወድቃ እያለቀሰች ጉልበቴን ሳመች። ጦና ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"እቴ፣ በእግዜር ይዤሻለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ቦጋለ ነፍሱን እስኪጥል የቀናው እንዲያው በከንቱ ነው? ከጦና ጋር የሆነ ነገር ነበራችሁ?"

ምንም አልነበረንም። ጦና ከእሷ ሌላ ሴት ዓይኑን ሞልቶ አይቶ አያውቅም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያንገበግበኝ የኖረውም ይኸው ነው። ሁለት ቃል ብተነፍስ ተቃቅፈው ቤታቸው ሊገቡ ነው።

ጓዜን አነሣሁ። "ባልሽን ጠይቂው" አልኳት።

እንደማታምነው አውቅ ነበር።