መስታወቱና ባለ ዓምዱ

ፔይ ሻን በአንድ ሳምንት ሁለት ሥራ አገኘች። ሥራውን የሰጧት ሁለቱም ኳላ ላምፑር ያለ የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚቋምጥላቸው ትልልቅ የጥብቅና ድርጅቶች ናቸው። ተማሪዎቹ አንዱን በሕንፃው ምክንያት መስታወቱ፣ ሌላውን በመግቢያው ምክንያት ባለ ዓምዱ ይሏቸዋል። ሁለቱም "ስትመረቂ እኛ ጋ ነይ፣ እስከ ዓርብ ቁርጡን አሳውቂን" አሏት። ሌላው ተማሪ ለአንዱ እንኳ ደጅ ሲጠና ይከርማል።

"ኧረ ምቀኛ አታድርጊኝ!" አለቻት አብራት የምትኖረው ናድራ። "ሁለት አግኝተሽ እንዲህ ከተኮሳተርሽ አንዱን ለእኔ ወርውሪልኝ።"

"ሆዴን አሞኝ ነው።"

ሆዷን አላመማትም። አፍራ ነው።

ፔይ ሻን ሕግ የሚባለውን ነገር ያወቀችው ኢፖ ከተማ፣ ከአንድ ጎማ ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ ውስጥ ነው። እናቷ ታች ጎማ ቤቱ ውስጥ ስትሠራ፣ ልጅቷ ከትምህርት ቤት መልስ ፎቅ ላይ አጎቴ ለማለት አንክል ሴልቫም የምትላቸው አዛውንት ጠበቃ ዘንድ ትውል ነበር። ምሳቸውን እያካፈሉ፣ "ይሄ ሰውዬ ምን አጠፋ? አንቺ ጠበቃው ብትሆኚ ምን ትያለሽ?" እያሉ አሳደጓት። ዩኒቨርሲቲ የገባች ዕለት ከእናቷ ብሰው ያለቀሱት እሳቸው ናቸው።

ታዲያ መስታወቱ ጋ ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ ሦስት አለቆች ፊታቸውን ከስክሰው ጠበቋት። የምትመልሰው ሁሉ ጠብ አልል አላቸው። በመጨረሻ "ለመሆኑ ጥብቅናን ከማን ነው የለመድሽው?" አሏት። ያኔ ምን እንደነካት እንጃ፣ ብድግ ብላ ሱሪዋን በሁለት እጇ ወደ ላይ ሳብ አደረገች፤ አንክል ሴልቫም ዳኛ ፊት እንደሚያደርጉት። ከዚያ በሰው ሠራሽ ጥርሳቸው መሐል እያፏጨ የሚወጣውን ድምፃቸውን አወጣችው።

"ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ክቡር ሆይ፣ ሻዩ ውስጥ ስኳር በዝቷል!"

ሻይ ሻጩን እንኳ እንደ ዳኛ ነው የሚያናግሩት ስትላቸው አለቆቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው እንባውን ጠረገ። ወዲያው ተቀበሏት። አይ ልጅቱ! ስለ እኚያ ሰው ስንት የሚወራ ነገር እያላት!

ሐሙስ ዕለት አንክል ሴልቫም ራሳቸው በባቡር መጡ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይመከርም ብለው ነው። አንድ ከረጢት የኢፖ ፖሜሎ፣ ያንን ትልልቅ ብርቱካን መሳይ ፍሬ፣ ይዘውላታል። ምሳ ጋበዟት፤ ሩዙና ካሪው በሙዝ ቅጠል ላይ ቀረበ።

"በይ ንገሪኝ፣ ልብሽ የቱ ጋ ነው?"

"ወደ መስታወቱ ሳይሆን አይቀርም። እኔ እንጃ አንክል፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ሩዛቸውን በጣታቸው ሰበሰቡ፤ ግን አልጎረሱም።

"ከመስታወቱ አንድ አለቃ ስለ አንቺ ሊጠይቀኝ ደውሎልኝ ነበር። ከልጄ ለይቼ አላያትም አልኩት። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'የሻይዎ ስኳር ተስተካከለልዎት ወይ?' ብሎኝ ሳቀ።"

 ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለች ፔይ ሻን በሆዷ።

"አንክል፣ እኔ…"

"ፉጨቱን ደግሞ ቁጭ አደረገችው አለኝ።" ጥርሳቸውን በምላሳቸው ነካ አደረጉ። "አልተቆጣሁሽም። ሥራ ፈልገሽ ነው፣ ይገባኛል። ግን በማግስቱ ፍርድ ቤት ቆሜ አፌን መክፈት አቃተኝ። ሁሉም የሚስቁብኝ መሰለኝ።"

ይቅርታ ልትል ስትል እንባዋ ቀደማት።

"መስታወቱ ይቅርብኝ!" አለች። "በቃ፣ አልፈልገውም! ባለ ዓምዱ እገባለሁ።"

የአንክል ሴልቫም ፊት ፈካ።

"ለእኔ ብለሽ እንዳይሆን ብቻ።"

"አይደለም።"

"እሰይ የእኔ ልጅ! እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም የምመርጥልሽ እሱን ነበር። የጠበቃ ካባሽን የምትለብሺ ቀን መምጣቴ አይቀርማ። አለቆችሽን አንድ በአንድ ጨብጬ አመሰግናለሁ። እዚያ ቢያንስ መሳቂያ አድርጎ የሚያውቀኝ የለም።"

ፔይ ሻን ቀና ብላ አየቻቸው። ባለ ዓምዱ ጋ የቀረበችው ከመስታወቱ በኋላ ነው። እዚያ ፍርሃት እንኳ አልነበረባትም፤ አንክልን መኮረጇ እንደሚያስቅ አውቃ ነው የገባችው። ጥያቄው እስኪመጣ ሳትጠብቅ ሱሪዋን ሳበች። ፉጨቱን አሳመረችው። ችሎት መሐል እንቅልፍ ሲያሸልባቸው የሚሆኑትንም ጨመረችበት። አንዲት አለቃ ጎረቤት ቢሮ ድረስ ሄዳ ሰው ጠርታ "እስቲ ድገሚው" አለቻት፤ እሷም ደገመችው።

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። ፊታቸውን አይታ መልሳ ዘጋችው።

አንክል ሴልቫም በልተው ጨረሱና፣ ምግቡ የጣመው ሰው እንደሚያደርገው ቅጠላቸውን ወደ ራሳቸው አጠፉ። ከዚያ ብድግ ብለው ሱሪያቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ላይ ሳብ አደረጉና አስተናጋጁን ጠሩ።

"ከታላቅ አክብሮት ጋር፣ ክቡር ሆይ" አሉ እያፏጩ፣ "ለዚህች ለጠበቃ ልጄ ሻይ አምጣልኝ።"

ፔይ ሻን አንገቷን ደፋች።