ጅረቱ የመለሰው ጀልባ

የባለካርታዋ ሥራ የጠፋ ጀልባ መፈለግ ነበር። ጀልባ ሞተሩ ተበላሽቶ ባሕር ላይ ሲቀር፣ ወደቡ ውስጥ ባለችው ጠባብ ቢሮዋ ተቀምጣ የነፋሱንና የውሃውን ጉዞ ታሰላና ካርታው ላይ ሳጥን ታሰምራለች፤ ፈላጊ መርከቦቹም እዚያ ውስጥ ይዞራሉ።

ከስድስት ዓመት በፊት የጠፋው ግን የገዛ ታናሽ ወንድሟ ነበር። አፉ ከማፏጨት አርፎ ስለማያውቅ ፉጨት ይሉታል። ብቻውን ዓሣ ሊያጠምድ እንደወጣ ቀረ። እንባዋን እየዋጠች አሰላች። በስድስተኛው ቀን አለቃዋ፣

«እስካሁን በሕይወት ይኖራል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አላት።

ያን ፀሐይ አሰበች፤ የያዘውን ውሃ አሰበች። «አይመስለኝም» አለች። ፍለጋው ቆመ።

ቤት ስትደርስ ግን ያለችውን ደበቀች። እናቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ካርታ እያዩ፣ «ታዲያ አሁን የት ደርሷል?» አሏት። ጨንቋት ጣቷን ካርታው ላይ አሳረፈች።

«እዚህ ጋ ነው እማዬ። ነፋሱ የላይ የላዩን ውሃ ይገፋዋል። ምድር ስለምትሽከረከር መንገዱ ይጣመማል። ማዶ ካለው የብስ ሲደርስ ደግሞ ይታጠፋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዞሮ ይመጣል።»

ምነው ምላሷን በቆረጠው! ከዚያን ዕለት ጀምሮ እናቷ በየማለዳው፣ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ፣ «ዛሬስ?» ይሏት ጀመር። መጀመሪያ ከራሷ እየፈጠረች ትነግራቸው ነበር። በኋላ መዋሸቱ ሲያሳፍራት የምሯን ማስላት ጀመረች። «ቀዝቃዛው የባሕር ጅረት ውስጥ ገብቷል» ስትላቸው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ያወርዳሉ፦ «እሱ እየበረደው እኔ ልሙቅ?» ወደ ሞቃቱ ውሃ ሲሻገር መልሰው ይደርቡታል። ፉጨት እንዲህ እንዲህ እያለ ባሕሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ባለካርታዋም መንገድ ላይ እየሄደች ድንገት ቆም ትላለች፤ ከኋላዋ የሆነ ሰው የሚያፏጭ ይመስላታል።

በስድስተኛው ዓመት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልክ ተደወለ። የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ያለ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ ነበር።

«ባዶ ጀልባ አግኝተናል፤ ቁጥሩ እናንተ ጋ የተመዘገበ ነው።»

ቁጥሩን ስትሰማ የወንድሟ ጀልባ መሆኑን አወቀች፤ የየቀኑን ስሌቷን የያዘውን ደብተር ገለጠች። የትናንቱ ምልክት ልክ የዚያ ዳርቻ ፊት ለፊት ነበር። ወዲያው ተነሥታ ወደዚያ ሄደች።

ጀልባው ቀንድ አውጣ በሚመስሉ የባሕር ዛጎሎች ተሸፍኗል። ውስጡ ልብስም አጥንትም የለም። መቀመጫው እንጨት ላይ ግን በቢላ የተጫሩ መስመሮች ነበሩ፤ በየቀኑ አንድ። በጣቷ እየዳሰሰች ቆጠረች። አሥራ ዘጠኝ። ደግማ ቆጠረች። አሸዋው ላይ ተቀመጠች።

በማግስቱ እናቷ «ዛሬስ?» ሲሏት ሁሉንም ነገረቻቸው፤ «አይመስለኝም» ማለቷንም ሳትደብቅ።

«እና አንቺ አይኖርም ካልሽ በኋላ አሥራ ሦስት ቀን ኖሯል?»

«አዎ እማዬ።»

አልረገሟትም፤ አላለቀሱምም። «ውሰጂኝ» ብቻ አሉ።

ዳርቻው ሲደርሱ እናቲቱ ጫማቸውን አውልቀው ጀልባው ውስጥ ገቡ፤ በዚያች መቀመጫ ላይ ጎናቸውን አሳርፈው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ቆዩ። ልጃቸው ልትቀርባቸው አልደፈረችም። በመጨረሻ ጠባቂው መጣና፣

«እናቴ፣ ጀልባውን ምን እናድርገው?» አላቸው።

«የፈለጋችሁትን አድርጉት» አሉ፣ ለመነሣት እጃቸውን ወደ ልጃቸው እየዘረጉ። «ውሃው ላይ ብቻ እንዳትመልሱት።»